የተኛሁበት እሑድ

ጎባ ላይ ሰው ያልበዋል ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም በጋቢና በቡልኮ ተጠቅልሎ፣ አፉን ሸፍኖ፣ «ኧረ ይሄ ብርድ!» እየተባባለ በሚውልበት ከተማ እኔ ብቻ ነጠላዬን ጥዬ ግንባሬን እጠርግ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ የግቢያችንን ጥድ ውጦታል። ጎረቤት ሲያየኝ «ምነው፣ ከምድጃ ዳር ነው የተነሳሽው?» ይለኛል። ምድጃውማ እኔው ነበርኩ። እሳቱ ከደረቴ ይነሳና አንገቴን ይዞ ፊቴን በርበሬ ያስመስለዋል፤ ከዚያ ውሃ በውሃ አድርጎኝ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ብርዱ ይመጣል። ያን ጊዜ የጎባን ብርድ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

ይህ በንጉሡ ጊዜ ነው። ባለቤቴ በጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ዶሮ እንኳ ከመደብ ላይ ሲያወርዱ «እስቲ ውረጂ» የሚሉ ሰው ናቸው። ለእኔ ግን እግዚአብሔር ለሁለታችንም የሚበቃ ድምፅ ሰጥቶኛል። ወንዱ ልጃችን አዲስ አበባ ሥራ ይዞ፣ ሴቷ ሮቤ ተድራ፣ ቤቱ ለሁለታችን ቀርቶ ነበር። አሁን ነው የምናርፈው ስንል የወር ልማዴ መዛባት ጀመረ። አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል፤ በመጨረሻ ጨርሶ ቆመ። እንቅልፌም የተማከሩ ይመስል አብሮት ጠፋ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ያጣ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል። ወጡን ጨው ጨምሬበት እንደሆነ እረሳለሁ። የማልቆጣው ነገር የለም፤ በሩ ለምን ጮኸ፣ ድስቱ ለምን ከሰለ፣ ባለቤቴ ለምን ዝም አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ደግሞ ለምን ተናገሩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ምስኪን ሰውዬ፣ የበሩን ማጠፊያ ቅቤ ቀቡት።

መድኃኒት ያልሞከርኩ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ ኮሶ ጠጣሁ፤ እኛ አገር ዛፉ በየጫካው ስለሆነ ሰው ትንሽ ሲከፋው ኮሶ ነው። ሆዴ ታጠበ፣ እንቅልፍ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ። ሐኪም ቤትም ሄድኩ፤ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ጠያይቆኝ፣ የልብ ትርታዬን አዳምጦ፣ «በሽታ አይደለም፤ የሴት ዕድሜ ነው፤ ያልፋል» አለኝ። ዕድሜ መሆኑንማ መስታወቴም ይነግረኛል! ተናድጄ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ሰውዬው ልክ ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ግን እውነት ሳይሆን እንቅልፍ ነው።

እንቅልፍ ከሌለ ምን ይደረጋል? ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ። ለኪዳን ከሁሉ ቀድሜ የምደርሰው እኔ፣ በማሕሌት ቀን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቆሜ የምገኘው እኔ። ባልቴቶቹ አዩኝ፤ ያቺ ባሏን ስትቆጣ ድምጿ እስከ ገበያ የሚሰማ ሴት እንዲህ ስትሆን ጉድ ነው። «እዩዋት እስቲ ትጋቷን!» አሉ። «ሥጋዋን ድል ነሥታዋለች!» እኔ ድል የነሣሁት ነገር አልነበረም፤ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው የመጣሁት። ይሁን እንጂ ሙገሳ ይጣፍጣል። ዓመት ሙሉ ከመስታወትና ከሐኪም ክፉ ቃል የሰማች ሴት «የተመረጠች» ስትባል ምን ትላለች?

ከመካከላቸው አንዷ፣ ራሳቸው ቆብ የደፉ ደግ አሮጊት፣ እጄን ይዘው «እንቅልፍሽን የወሰደው ፈጣሪ ነው፤ ሊያነጋግርሽ ፈልጎ ነው» አሉኝ። «ልማድሽ ቆሟል፣ ልጆችሽን ድረሻል። ከእንግዲህ ዓለም ምን ያደርግልሻል? ቆቡን ድፊ።» እኛ ዘንድ ደንብ ነው፤ ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ዓለም በቃኝ ብትል ማንም አይደነቅም። ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ጾሜን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አደረስኩት። ከባልቴቶቹ ጋር ስንጸልይ እንዳንደክም ማታ ማታ ጥቁር ቡና እንጠጣ ነበር፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ እጠጣለሁ። ቀን ደግሞ ራሴን ሲያዞረኝ ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ። እንቅልፉ ይባስ ራቀኝ፤ እኛ ግን «ጸጋው እየጨመረ ነው» አልን።

እንግዲህ ቀኑ ተቆረጠ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ከሸዋ ገዳም አንድ መነኩሴ ወደ ጎባ ይመጣሉ ተባለ። በዚያ ቀን ከኪዳን በኋላ በነፍስ አባቴና በእሳቸው ፊት ቀርቤ ፈቃዴን ልናገር፣ ከዚያም አብሬያቸው ወደ ገዳሙ ልሄድ። ቆብ ሲደፋ በቁም ፍትሐት ይደረጋል፤ ለዓለሙ ሞቷል ማለት ነው። ቤቴን፣ ባሌን፣ ሮቤ ያለችውን ልጄን፣ ሁሉን ሞቼ ልተው ነው። ከተማው ሁሉ ሰማ። የነፍስ አባቴ ብቻ «ባልሽስ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

ባሌ ምን ይላሉ? ስነግራቸው ቆብ የሚለውን ቃል የሰሙት አልመሰለኝም። «ፈቃድሽ ከሆነ» አሉ፤ ከዚያ ከእርሻ የመጣውን ገብስ ሊያስገቡ ወጡ። ተቀየምኳቸው። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው መሄዴ ይህን ያህል ካልገደደው፣ እንዲያውም ብሄድ ይሻላል አልኩ።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማድ ቤቱ ይጨሳል። ገባሁ። ባለቤቴ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቁጢጥ ብለው ሽሮ ያማስላሉ። ማማሰያውን የያዙት እንደ ብዕር ነው። ግማሹ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሷል፣ ግማሹ ጓጉሏል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

እንደ ሌባ ደነገጡ። «ልማር ብዬ ነው» አሉ። «ከሄድሽ በኋላ ሰው እንዳላስቸግር።»

በጣቴ ቀመስኩት። ጨው ብቻ ነው! ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን በጩኸት እሞላው ነበር። ያን ቀን ግን ዋጥኩት። እሳቸውም ፊቴን አይተው «ትንሽ በዝቷል አይደል?» አሉና ውሃ ጨመሩበት። ሳይገዳቸው ቀርቶ አልነበረም ለካ።

በነጋታው ማለዳ አጥር ዳር ቆሜያለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ላም የሚያልቡ፣ ቅቤ ወደ ሮቤ ገበያ የሚልኩ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ እስላም ሴት ናቸው። እንደ ልጆቻቸው «አዴ» ነበር የምላቸው፤ እናት እንደማለት ነው። የወተቱን ቅል ይዘው ሲያልፉ እንደ ወትሯቸው «ነጋ ቡልቴ?» አሉኝ፤ በሰላም አደርሽ ወይ ማለታቸው ነው። «ነጋ» ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። ሰላምታ እንዲህ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰው በየማለዳው ስለ ሌሊትሽ ይጠይቅሻል፣ አንቺም አመስግነሽ ትመልሻለሽ፣ ሁለታችሁም ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ሁሉም «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስል ነው የኖርኩት። የዚያን ዕለት ግን ሽሮው ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፣ አፌ እምቢ አለ።

«የት አደርኩና አዴ!» አልኳቸው። «ተኝቼ ካደርኩ ስንት ጊዜዬ!» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ቅሉን አስቀመጡና በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ይሞቅሻል?»

«ይሞቀኛል።»

«ትናደጃለሽ?» አሉኝ። ከአጥር ማዶ ሆነው ሁሉን ሲሰሙ ለኖሩ ሴት ይህ ለወጉ ያህል ነው።

«እናደዳለሁ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ትከሻቸውን ሁሉ ይነቀንቀዋል። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! እኔ እኮ ይሄ ዕድሜ ሲደርስብኝ ባሌን ከነፈረሱ ከቤት አባርሬው ነበር። ዋላሂ! ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ የሸጥኳት ላም እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ ደግሞ ቤትሽን ልትሸጪ ነው አሉ።»

«ፈጣሪ ነው የሚጠራኝ ይሉኛል» አልኩ።

«ከጠራሽ አስተኝቶ ቢጠራሽ ምን ይከብደዋል? ጸሎትሽንስ ቀን አይሰማም? መጀመሪያ ተኚ። ተኝተሽ ስትነሺም የሚጠራሽ ከሆነ፣ ስንቅሽን እኔ ራሴ እቋጥርልሻለሁ።»

ሐኪሙም እሳቸውም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜ ነው ያሉኝ። አዴ ግን ተናግረው አልሄዱም። ምን እንደምበላ፣ ምን እንደምጠጣ፣ መቼ እንደምጋደም ጠየቁኝ። የማታውን ቡና ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ማታ ቡና! እኔ ከምሳ በኋላ ከጠጣሁ አጥር ስቆጥር ነው የማድረው!» የምሳ ሰዓት እንቅልፌንም ከለከሉኝ። የጾሙንም ነገር አነሱ፤ የእኛን ጾም ከእኔ እኩል ያውቁታል፣ ወተት እንደማልነካ ያውቃሉ። ስለዚህ ተልባ አመጡ። ታምሶ የተወቀጠ፣ በለብ ያለ ውሃ የተበጠበጠ ተልባ። «ይሄ የእናንተም የእኛም ነው፤ ለጾምም ይሆናል፣ ማንም አይከለክልሽም» አሉኝ። አመሻሹ ላይ ከገብስ ቂጣ ጋር አንድ ጣሳ። መጀመሪያ አንሸራተተኝና ልተፋው ነበር፤ አዴ እያዩኝ ስለሆነ ዋጥኩት።

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ደግሞ በማለዳ ይጠሩኛል። ላሞቻቸውን ሆራ ሊያወርዱ ሲሄዱ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሆራው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጨዋማ ምንጭ ነው፤ ከብቱ ካልጠጣው አይወፍርም፣ ወተትም አይሰጥም ይባላል። «ላም ስትከፋ ምን ታደርጊያታለሽ? ሆራ ትወስጂያታለሽ። አንቺስ ከላሜ በምን ታንሻለሽ?» ይሉኛል። የጸሐፊ ሚስት ነኝ፤ ጥላ ይዤ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሴት ከላም ኋላ ጭቃ እያቦካሁ ስሄድ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ተሸማቅቄ ነበር። አዴ ከምንጩ በእፍኛቸው ቀድተው ትንሽ አስቀመሱኝ፤ አፌ ተኮማተረ። «እንደ ላሟ ግን እንዳትጋቺው» አሉና ሳቁብኝ። ውሃው ምን እንደሠራልኝ ዛሬም አላውቅም። መንገዱ ግን ሠርቶልኛል። ከላይ ቆመን ወደ ሮቤ ስናይ ሜዳው ገብስ ብቻ ነው፤ ፀሐይዋ ከዚያ ማዶ ወጥታ ፊታችንን ታሞቀዋለች። ዓመት ሙሉ ማለዳ ላይ ያየሁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና የጓዳዬን ጭለማ ብቻ ነበር። ስንመለስ እግሬ ዝሏል፣ ሆዴ ርቦታል። ርሃብ እንዲያ ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።

ቡልኮውንም አስጣሉኝ። «አንቺ ከውስጥ የሚነድ እሳት አለሽ፤ እሱን ደግሞ ትሸፍኚዋለሽ?» ብለው በስስ ኩታ እንድተኛ አዘዙ፤ ቡልኮው ባለቤቴ ዘንድ ሄደ። ከመተኛቴ በፊት እግሬን ለብ ባለ ውሃ እንድዘፈዝፍም ነገሩኝ። ውሃውን የሚያሞቁት ባለቤቴ ነበሩ፤ ከሽሮ በኋላ የተማሩት ሁለተኛ ሥራ ነው። ሳልጠይቃቸው ገንዳውን አምጥተው ያስቀምጡና በጣታቸው ነክተው «እስቲ እይው» ይላሉ። አንድም ቀን «አትሂጂ» አላሉኝም።

በአንድ ጊዜ የተለወጠ ነገር የለም። ሙቀቱ መምጣቱን አልተወም፣ ግን ቶሎ ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ ጥቂት ተኛሁ፣ ከዚያ ትንሽ ጨመረ፣ ከዚያ ደግሞ ጠፋ። አዴን «ይኸው፣ ውሸትዎን ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ጩኺ፣ ጩኺ» አሉኝ፤ በማግስቱም መጥተው ለሆራ ጠሩኝ። መስቀል ሲደርስ የወጥ ጨው አልረሳም ነበር። ደመራው ሲበራ ከባለቤቴ ጎን ቆሜ በአንድ ነገር ስንስቅ ትዝ ይለኛል፤ በምን እንደሆነ ግን ረሳሁት።

እሑዱ ግን እየመጣ ነው። ከተማው ያውቃል፣ መነኩሴው ጎባ ገብተዋል፣ ባልቴቶቹ ነጭ ቀሚስ አሰፍተውልኛል። አሁን ሐሳቤን ለወጥኩ ብል ምን ይሉኛል? ለፈጣሪ የሰጠሁትን ቃል ላጥፍ? የምፈልገውንም ለይቼ አላውቀውም ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ተልባዬን ጠጣሁ፣ እግሬን ታጠብኩ። ለኪዳን በጊዜ እንድነሳ ነጩን ቀሚስ ከአልጋው ራስጌ ሰቀልኩና ጋደም አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሞልታዋለች። እዚያ ግድግዳ ላይ የምትደርሰው ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ነው። ክው አልኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ዶሮ የለም፣ የአዴ ጥጃ እንኳ አይጮህም። በኋላ እንደሰማሁት አዴ ጥጃውን ወስደው ከወዲያኛው ማሳ ጥግ አስረውት ነበር፤ ዶሮዎቹን ደግሞ ባለቤቴ የማገዶ ጎጆ ውስጥ ቆልፈውባቸው ኖሯል። ተነስቼ መስኮቱን ገርበብ አደረግሁ።

ባለቤቴ የግቢው በር ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ነው የማየው፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከበሩ ውጭ ባልቴቶቹ ነጭ በነጭ ሆነው ቆመዋል፣ የነፍስ አባቴም አብረዋቸው አሉ።

«መነኩሴው ሊነሱ ነው፤ ይቀስቅሷት እንጂ!» አለች አንዷ።

«ተኝታለች» አሉ ባለቤቴ፣ በዚያ በቀስታ ድምፃቸው።

«የፈጣሪ ጥሪ ይበልጣል ወይስ እንቅልፍ?»

ባለቤቴ ተነሱ። ከተጋባን ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ ያን ቀን ሰማሁት። «ሚስቴ ተኝታለች አልኩ!» አሉ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የቀሰቀሱኝ መስሏቸው ፊታቸው አመድ ሆነ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሸሸሁ።

የነፍስ አባቴ «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ጠየቁ።

«ከማታ ጀምሮ፣ አባ። አንዴም አልተነሳችም።»

«ተመስገን!» አሉና አማተቡ። ወደ ባልቴቶቹ ዞረው «በሉ እንሂድ። ስትነሳም ፈቃዷ ያው ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ የትም አይሄድም። ካልሆነም ከባሏ ጋር ትኑር፤ እሱም ከእግዚአብሔር ነው» አሏቸው። ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደ እሳቸው ያለ ካህን አላየሁም። ባልቴቶቹ እያጉረመረሙ ተከተሏቸው። ቆብ የደፉት አሮጊት ግን ዞር ብለው ወደ መስኮቱ አዩ፤ ፈገግ ያሉም መሰለኝ።

ወደ በረንዳ ወጣሁ። ባለቤቴ ሲያዩኝ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ቀሰቀስኩሽ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ፣ ሌላ የሚሉት ስላጡ፣ «እንዴት አደርሽ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ልል ነበር። ስንት ጊዜ እንደ ዋዛ ያልኩት ቃል ያን ጠዋት አልወጣ አለኝ። ከአጥሩ ማዶ አዴ አንገታቸውን አስግገው «ነጋ ቡልቴ?» ብለው ጮኹ። ለእሳቸውም እጄን አነሳሁላቸው። ገባቸው መሰለኝ፣ «አልሀምዱሊላህ!» አሉና ጥጃቸውን ሊፈቱ ሄዱ።

ባለቤቴ አሁንም ቆመዋል። ኮታቸው ላይ አመድ አለ፤ ማድ ቤቱም ይጨሳል።

«ምን ጥደው ነው?» አልኳቸው።

«ሽሮ። ትነሳና ይርባታል ብዬ።» እግራቸውን እግራቸውን አዩ። ቀና ሳይሉ «ትሄጃለሽ?» አሉኝ።

ማድ ቤት ገባሁና ቀመስኩት። የአዴ ላሞች ቢያገኙት ሆራ መውረድ ይተዉ ነበር።

«ኧረ እኔ የት ልሂድ!» አልኳቸው። «ይሄን ለእርስዎ ለብቻዎ ትቼ?»

እዚያው ምድጃው ዳር ቁጢጥ ብለን ከአንድ ሣህን በላነው፤ እያለቀስን ነው የበላነው፣ ጨርሰነውም ተነሳን። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሰጠን። አዴም በየማለዳው «ነጋ ቡልቴ?» ሲሉኝ እውነቱን እየመለስኩ ኖርኩ፤ ፈጣሪ በሁሉም ቋንቋ ያመስግናቸው። ባለቤቴ እስካረፉ ድረስ እሑድ እሑድ ሽሮ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ጨው መመጠን ግን አልቻሉበትም፤ እኔም አላስተማርኳቸውም።